ሐሰተኛ ደረሰኝ አልፈርምም ብዬ ከሥራ ወጣሁ፤ ከዚህ በኋላ እንዴት ልኑር?

ዘከዚራ (መስከረም 17፣ ከምሽቱ 2፡40)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ በሒሳብ ሥራ 11 ዓመት የቆየሁ፣ የ2 ልጆች አባት ነኝ። የመጨረሻዎቹን 6 ዓመታት የሠራሁት የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ የመጣሁት ለመጠየቅ እንጂ ለመክሰስ ስላልሆነ ስሙን አላነሣም።

በከተማችን ዕቃ በሁለት ዋጋ እንደሚሸጥ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ደረሰኝ የሚፈልግ ገዢ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመርበታል፤ የማይፈልግ ቀንሶ ከፍሎ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። «እኔ የመጣልኝን ወረቀት እመዘግባለሁ እንጂ አልሸጥም» እያልኩ ይህን እንዳላየ ማለፍን ለዓመታት ተለማምጄው ነበር፤ አሁን ሳስበው እምቢታዬ ከዚያ መጀመር የነበረበት ይመስለኛል። ባለፈው ሐምሌ፣ የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን፣ አሠሪዬ አንድ ጥቅል የግዢ ደረሰኝ አምጥተው አንዳችም ዕቃ ያልገባበትን ግዢ ወጪ አድርጌ እንድመዘግብና እንድፈርምበት አዘዙኝ። አልፈርምም አልኳቸው። አልተቆጡም፤ «አስብበት፣ ልጆች አሉህ» ብቻ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ስገባ በጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል። ደብዳቤ አልተጻፈልኝም፤ «ከዛሬ ጀምሮ አትምጣ» ተባልኩ።

ይህ ከሆነ 2 ወር አልፎታል። የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የምጠይቅበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ደግሞ ከቀድሞ አሠሪዬ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ይለኛል። ነገሩን የሰሙ ወዳጆቼ በሙሉ «ጎበዝ፣ እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ይክስሃል» አሉኝ። እኔም ካሳውን ስጠብቅ ከረምኩ፤ የመጣ ነገር የለም። በቦታዬ የገባው ወጣት ፈርሞ እንጀራውን ይበላል። ትናንት ከደመራው ስንመለስ የ7 ዓመት ልጄ «አባዬ፣ አንተ መቼ ነው ሥራ የምትገባው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። የያዝኩት እምነት ነው ወይስ ትዕቢት? ንጹሕ እጅ ለልጆች ራት አይሆንም። እባካችሁ በቅን ልቡና ምከሩኝ።

የቁልቢው ተሳላሚ (መስከረም 17፣ ከምሽቱ 3፡15)

አይዞህ ወንድሜ። ታኅሣሥ 19 ሩቅ አይደለም፤ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳል። እኔ በጨነቀኝ ጊዜ ተስዬ አላሳፈረኝም፤ አንተንም አያሳፍርህም።

አገልጋይ ዘድሬ (መስከረም 18፣ ከጠዋቱ 1፡05)

ከላይ ስለ ቁልቢ የጻፉትን ወንድም ቃል መነሻ ላድርገው፤ ስለቱን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ በዚያ ቀን የምናስበው ታሪክ ለጥያቄህ በቀጥታ የተነገረ ስለሚመስለኝ ነው። ታኅሣሥ 19 መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን፣ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን፣ ከእቶን እሳት ያወጣበት በዓል ነው። ከድሬዳዋ በአውቶቡስም በእግርም ወደ ቁልቢ የምንወጣው መዳናቸውን ለማሰብ ነው፤ ለንጉሡ የሰጡትን መልስ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ እናስታውሰዋለን። መጀመሪያ አምላካችን ከሚነደው እሳት ሊያድነን ይችላል አሉ። ቀጥለውም ባያድነን እንኳ ላቆምኸው ምስል እንደማንሰግድ እወቅ አሉት። እሳቱ ውስጥ የገቡት መልአኩ እንደሚመጣ ሳይነገራቸው ነው፤ ለመውጣታቸው ዋስትና ይዘው ቢገቡ ኖሮ የሚደነቅ ነገር ባልኖራቸው ነበር።

ስለዚህ «ይክስሃል» ያሉህ ወዳጆችህ በመልካም ልብ ቢናገሩም፣ ሳያውቁት እምነትህን ወደ ንግድ ለውጠውብሃል፤ 2 ወር ሲያልፍ ከገንዘብህ በላይ አምላክህን ያጣህ የመሰለህም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አንተ እውነት የተናገርከው እውነት ስለሆነ ነው፤ ይኸው በቂ ነበር፣ አሁንም በቂ ነው።

ስለ ትዕቢት ለጠየቅኸው፣ እኔ ብሆን ራሴን የምመረምረው በእምቢታዬ ሳይሆን በቦታዬ የተቀመጠውን ወጣት በማይበት ዓይን ነበር። «ፈርሞ እንጀራውን ይበላል» ብለህ ጽፈሃል። መፈረሙን አይተሃል? ካላየህ፣ እዚያች ላይ ቆም ብለህ እንድታስብ በትሕትና እጠይቅሃለሁ።

የባቡር ጡረተኛ (መስከረም 18፣ ከቀኑ 9፡30)

እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ምክር ከምሰጥ የሆነብኝን ብነግርህ ይሻላል። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት፤ እኔም አባቴም በአሮጌው መሥመር እንጀራ በልተናል። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ በኩል የሚመጣ ጨርቅና ሽቶ ከመቀመጫ ሥር፣ ከቀሚስ ሥር፣ አንዳንዴም ከሕፃን መታቀፊያ ሥር ተሸሽጎ ይጓዝ እንደ ነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ፣ በ1979 ዓ.ም. አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ጥቂት ጣቃ ጨርቅ ይዛ አገኘኋት። ለሕግ ላስረክባት ወይም ልተዋት እችል ነበር፤ ሁለቱንም ትቼ የያዘችውን ገንዘብ ተቀብያት አሳለፍኳት። የገንዘቡ መጠን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ፤ ይሁን እንጂ ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ሲመልስ የሚመልስለትን ሰው ያውቅ ነበር፤ እኔ ሴትዮዋን ስፈልጋት ኖሬ አላገኘኋትም። ዛሬም በቀፊራ ገበያ የእርሷን ዕድሜ የመሰለች ሴት ሳይ ፊቷን እመረምራለሁ።

ልጆቼን አሳድጌአለሁ፣ ጡረታዬን እቀበላለሁ፣ ያጣሁት ሥራ የለም። አንተ ሥራህን አጥተሃል። ችግርህን አላቃልለውም፤ የተራበ ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን ከ30 ዓመት በኋላ ገበያ መካከል ቆመህ የምትፈልገው ፊት አይኖርም።

ባለሱቅ ዘቀፊራ (መስከረም 18፣ ከምሽቱ 1፡50)

ይህን ክር ሦስት ጊዜ አንብቤ ሳልጽፍ ተመለስኩ። ወንድሜ ዘከዚራ፣ በአንተ ታሪክ ውስጥ እኔ ያለሁት በአሠሪህ ወገን ነው። ሐሰተኛ የግዢ ደረሰኝ አስገብቼ አላውቅም፤ ያለ ደረሰኝ መሸጡን ግን እሸጣለሁ። አስቀድሳለሁ፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ዐሥራት አወጣለሁ፤ በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ ገዢውን «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ራሴን ላጸድቅ አይደለም። ግራና ቀኜ ያሉት ሱቆች ያለ ደረሰኝ ሲሸጡ እኔ ብቻዬን ለሁሉም ልቁረጥ ብል፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ የማገኘው ትርፍ 15 በመቶ ስለማይሞላ ልዩነቱን ከኪሴ መሸፈን አልችልም፤ ገዢው ደግሞ ሁለት እርምጃ አልፎ ከጎረቤቴ ይገዛል። 3 ሠራተኞች አሉኝ፤ ሱቁ ቢዘጋ ሦስቱም እንደ አንተ ይሆናሉ። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። እኔ መጥቼ ብጠይቀው ምን ይለኝ እንደ ነበር ሳስብ እንቅልፍ የማጣበት ሌሊት አለ። ሚዛኔን አስተካክያለሁ፤ ከ4 ዓመት ወዲህ አንድ ኪሎ ብዬ የምሰጠው አንድ ኪሎ ነው። ደረሰኙ ላይ ግን ገና አልደረስኩም። እዚህ ዋሽቼ መውጣት ስላልፈለግሁ ጻፍኩት።

ነርስ ከሐረር (መስከረም 19፣ ከጠዋቱ 12፡20)

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ክሩን ሳነብ አደርኩ። ለባለሱቁ ወንድሜ አንድ ነገር ላስታውሰው። ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ነቢዩ ኤልሳዕን ስለ አንድ ነገር ይቅርታ ጠየቀው፤ ጌታዬ በሬሞን ቤት ሊሰግድ እጄን ተደግፎ ሲገባ እኔም አብሬ አጎነብሳለሁ፣ ስለዚህ ነገር እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለ። ኤልሳዕም በሰላም ሂድ አለው። በዚያው ምዕራፍ የነቢዩ ሎሌ ግያዝ ከንዕማን በሐሰት ስጦታ ተቀብሎ፣ ከጌታው ሸሽጎ፣ «የትም አልሄድሁም» ብሎ ለምጹን ተረከበ። አንደኛው ድካሙን ሳይጠየቅ ገለጠ፤ ሁለተኛው ተጠይቆም ደበቀ። አንተ ገልጠሃል፤ ይህ መንገዱ አይደለም፣ የመንገዱ መጀመሪያ ግን ነው። ከንስሐ አባትህ ጋር ተማከርበት፣ ከጎረቤት ነጋዴዎችም ጋር ተነጋገሩበት፤ ምናልባት ብቻህን የማትችለውን አምስት ሆናችሁ ትችሉት ይሆናል።

ወንድሜ ዘከዚራ፣ አንተን ደግሞ የምጠይቅህ አለ። በጽሑፍህ ውስጥ አሠሪህ አሉ፣ ወጣቱ አለ፣ ወዳጆችህ አሉ፣ ልጅህ አለች። ባለቤትህ የለችም። እርሷስ ምን አለች?

ሕግ ዐዋቂ ዘሳቢያን (መስከረም 19፣ ከቀኑ 6፡10)

ሁላችሁም ስለ ነፍስ ስትናገሩ አንድ ቀነ ገደብ እያለፈ ስለሆነ በአጭሩ ልጻፍ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አንተ ከ2 ወር በላይ አሳልፈሃል። ወደዚያ መመለስ ባትፈልግ እንኳ ያልተከፈለህ ደመወዝ፣ ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድና የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት መብትህ ነው። የቅጥር ውልህን፣ የደመወዝ መክፈያ ወረቀቶችህንና ነገሩን የሚያውቁ የሥራ ባልደረቦችህን ስም ይዘህ በዚህ ሳምንት ባለሙያ አማክር።

ክርስቲያን መብቱን ቢጠይቅ እምነቱ ይጎድላል የሚል ሰው ቢመጣብህ፣ ፊልጵስዩስ ላይ የሆነውን አንብብለት። ሹማምንቱ ጳውሎስን ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት አስደብድበው ካሰሩት በኋላ በማግስቱ በስውር ሊለቁት ፈለጉ፤ እርሱ ግን ራሳቸው መጥተው ያውጡን ብሎ እምቢ አለ። አንተንም ያለ ደብዳቤ በስውር አውጥተውሃል።

እናት ዘደቻቱ (መስከረም 20፣ ከምሽቱ 12፡45)

ልጄ፣ የልጅ ልጄ እያነበበችልኝ፣ የምለውንም እየጻፈችልኝ ነው።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሌሊት፣ ደቻቱ ሲመጣ ቤቴ ከዳርቻው ነበር። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ተኝቶ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ወንዝ ነው፤ ዝናቡ የጣለው በደጋው ስለ ነበር ውኃው ደራሽ ሆኖ መጣብን። እኔ የሰማሁት የብዙ ጭነት መኪና ድምፅ የመሰለ ነገር ነው። በዚያች ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኔ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ፤ ቤቴና የምተዳደርበት የልብስ ስፌት መኪናዬ ሄዱ።

ያስጠጋችን ከፍ ካለው ቦታ ትኖር የነበረች ሙስሊም ጎረቤቴ ናት፤ ከእኔ ቤተሰብ ጋር 9 ሰው ሆነን ገባን። በማግስቱ ፍልሰታ ይገባ ነበር። እኔ ከድንጋጤዬ የተነሣ ቀኑን ረስቼዋለሁ፤ እርሷ ግን ሰኞ ዕለት ለራሷ ቤተሰብ የሠራችውን ለብቻው አድርጋ፣ ለእኔ በሌላ ድስት የምስር ወጥ በዘይት ሠርታ አቀረበችልኝ። «ጾማችሁ ገብቷል» አለችኝ። እኔ እምነቴን በረሳሁባት ቀን ያስታወሰችልኝ እርሷ ናት፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያስለቅሰኛል።

በዚያው ሳምንት ሊያጽናኑኝ መጥተው ይህ የኃጢአታችን ዋጋ ነው የሚሉኝ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይክስሻል የሚሉኝም ነበሩ። የኢዮብ ወዳጆች ከእርሱ ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ መከራውን ያበዙበት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ለእኔ ያቺ ድስት ትበልጥብኛለች።

ስለዚህ ልጄ፣ ጎበዝ ያሉህ ሁሉ ስንቶቹ «ዛሬ ምን በላችሁ?» ብለው ጠየቁህ? እውነት መናገርህ ለሁላችን ክብር ከሆነ ወጪውም የሁላችን ነው። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ በእውነት ምክንያት ሥራውን ላጣ ሰው ግን ማን ደጃፉን ይረግጣል? እኛ በሰንበቴአችን 12 አባወራ ነን፤ ካህኑ ባሉበት ተነጋግረን ለ3 ወር የቤተሰብህን አስቤዛ ልንይዝ ተስማምተናል። ምጽዋት አይደለም፤ ድርሻችን ነው። የመድረኩ አስተናጋጅ ያገናኙን፤ እምቢ እንዳትል።

ባለቤቱ (መስከረም 21፣ ከጠዋቱ 4፡00)

ይህን ክር ያሳየችኝ እኅቴ ናት። ዘከዚራ ብሎ የጻፈው ባለቤቴ ነው። ከሐረር የጻፈችው እኅት የጠየቀችውን እኔው ልመልስ።

ባለቤቴ ከሥራ በወጣ በማግስቱ እንደ ወትሮው ተነሥቶ ለበሰ። እኔም እንደ ወትሮው ሸሚዙን ተኩሼ፣ ምሳውን ቋጥሬ ሸኘሁት። በማግስቱም እንዲሁ። 9 ቀን። በ10ኛው ቀን ገበያ ላይ አንዲት ሴት «ባልሽ ሥራ አገኘ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐሰተኛ ወረቀት አልፈርምም ያለ ሰው፣ 9 ጠዋት ሐሰተኛ ጉዞ ሲሄድ እኔ ቆሜ ሸኝቼዋለሁ።

እንዲፈርም አልፈልግም ነበር። ይህን ሁላችሁም፣ ከሁሉ በላይ እርሱ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። በዚያች ምሽት መጥቶ «እንዲህ ሊያስፈርሙኝ ነው» ቢለኝ «አትፈርም» እለው ነበር፤ አብረን እንቢ እንል ነበር። ለትምህርት ቤቱ ክፍያ የአንገት ሐብሌን የሸጥኩት በደስታ ባይሆንም በፈቃዴ ነው። ያዘንኩት ለእውነት ከተከፈለው ዋጋ እኔም ድርሻዬን እየከፈልኩ፣ ከውሳኔው ግን እንደ ልጅ በመገለሌ ነው። እናታችን ዘደቻቱ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እምቢ አንልም።

ዘከዚራ (መስከረም 24፣ ከምሽቱ 3፡30)

ከባለቤቴ ጽሑፍ በኋላ ለ3 ቀን አልጻፍኩም፤ መነጋገር የነበረብኝ ከእርሷ ጋር ስለ ነበር ነው። የጻፈችው ሁሉ እውነት ነው። እነዚያን 9 ቀናት ከለገሃር ፊት ለፊት ባለው የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ የተቋጠረልኝን ምሳ እዚያው በልቼ፣ ሠራተኛ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት ተነሥቼ እሄድ ነበር። ልጠብቃት ነው እያልኩ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ በእርግጥ ግን የፈራሁት የእርሷን ፊት ነው። አሠሪዬን ያልፈራሁ ሰው ሚስቴን ፈራሁ። ይህንን ለእርሷም ለንስሐ አባቴም ነግሬአለሁ። ልጄንም ሁለታችን አስቀምጠን፣ ውሸት ጻፍ ስለተባልኩ ከሥራ እንደወጣሁና ሌላ ሥራ እየፈለግሁ እንደሆነ ነገርናት፤ «እሺ» ብላ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

በሕግ ዐዋቂው ምክር መሠረት ማመልከቻውን ከባለቤቴ ጋር ጽፈን ዛሬ ጠዋት አስገብተናል። ከሰንበቴው እናቶችም ጋር ተገናኝተናል፤ ጤፉን ተሸክሞ ያመጣው ስሙን ሊነግረኝ ያልፈለገ አንድ ባለሱቅ ነው።

ለአገልጋይ ዘድሬ የምመልሰው አለኝ። «መፈረሙን አይተሃል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ትናንት ማታ በቦታዬ የተቀመጠው ወጣት ስልኬን ከቀድሞ ባልደረቦቼ ወስዶ ደወለልኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ይህ የመጀመሪያ ሥራው ነው። ለምን እንደወጣሁ ማንም አልነገረውም። ደረሰኞቹ ከነጥቅላቸው መሳቢያው ውስጥ እንዳሉና እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንዲፈርም እንደታዘዘ ነገረኝ፤ የታመመች እናቱን የሚጦረው እርሱ ነው። «አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» አለኝ፤ ምን እንዳደረግሁ ሳያውቅ ነው የጠየቀኝ። 2 ወር ሙሉ በልቤ ስፈርድበት የከረምኩት ሰው ይህ ነው። በስልክ መልስ ልሰጠው አልቻልኩም። ነገ ከሥራ ሲወጣ ያን ጊዜ በተቀመጥኩበት ጥላ ሥር ልንገናኝ ተቀጣጥረናል፤ ባለቤቴም አብራኝ ትመጣለች።